ከእሸት እስከ ጎታ
በአካባቢ ምርት ዓመቱን ስለ መዝለቅ በጎንደር፣ አራዳ፣ ለመሐንዲሶች የቀረበ ንግግር




ስለ ግድብ ወይም ስለ ሞተር ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁኝ ካላችሁ፣ ዛሬ ወደ ጓዳ ይዣችሁ እንድገባ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ በየወቅቱ ከአካባቢ የሚገኘውን ምግብ እየበሉ ዓመቱን ስለ መዝለቅ ነው። ነገሩ የገበሬና የባልትና ባለሙያ እንጂ የመሐንዲስ አይመስልም። ሆኖም በእርሻውና በምድጃው መካከል ያለውን ብንመለከት፣ ማድረቂያው፣ ማከማቻው፣ ወፍጮውና መንገዱ ሁሉ የእኛ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ላስረዳ የተነሣሁትም አንድ ነገር ነው፤ የአካባቢያችን ምግብ ከዓመት እስከ ዓመት የማያደርሰን መሬቱ ስለሚነፍገን ብቻ አይደለም፤ በጥር የተትረፈረፈውን ወደ ሐምሌ የምናሻግርበት ድልድይ ስለ ደከመም ነው።

አራዳ የጎንደር የቆየ የገበያ ሰፈር ነው። ወደዚህ ከተማ የሚገባውን እህል ወደ መጣበት ተከትለን ብንሄድ ሦስት ዓይነት አየር እናገኛለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። በሰሜን በኩል በዳባት አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደባርቅ ይደረሳል፤ ከዚያ ደጋ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ተልባ ይወርዳል። በደቡብ ምዕራብ ከአዘዞ ማዶ የደንቢያ ሜዳ ወደ ጣና ሐይቅ ይዘረጋል፤ ጥቁር አፈሩ ጤፍ፣ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ይሰጣል። በምዕራብ ቁልቁለቱ አልቆ መተማ ሲደረስ ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ ቆላ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የአካባቢ ምግብ ማለት በአንድ አጥር ውስጥ የበቀለ ማለት አይደለም። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ያላቸውን በአንድ ገበያ የሚለዋወጡበት የቆየ ዝምድና ነው።

ይህ ዝምድና የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ዘመን ተለውጦ መስከረም ሲጠባ የባቄላውና የአተሩ እሸት መድረስ ይጀምራል፤ ገብሱም በእንኩቶ ይቀመሳል። ከብቱ የክረምቱን ሣር ግጦ ስለሚወፍር ወተቱና ቅቤው ይበረክታል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ብርዱንና የከብቱን ሥጋ አብሮ ያየ ሰው ያወጣው አባባል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ታጭዶ ይወቃል። የደንቢያ ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ፣ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ጾሙ ከዚህ ጋር እንዴት እንደ ተዋደደ አስተውሉ። የክርስቲያኑ የ55 ቀን ዐቢይ ጾም የሚገባው ሽምብራው፣ ባቄላውና ተልባው ገና አዲስ ሆኖ ጎታ ውስጥ ባለበት ጊዜ ነው። ከሰኔ ወዲያ ግን ጎታው ይጎድላል፤ ሐምሌ ላይ የጓሮ ጎመን የቤቱ አለኝታ ይሆናል። የነሐሴው በቆሎና ድንች እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቤት «ጎመን በጤና» እያለ የሚያመሸው ከምርጫ ሳይሆን ከግድ ነው።

እንግዲህ ወደ ሙያችን እንምጣ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ክፍተት ዝም ብለው አላዩትም። ጎታ ከጭቃ፣ ከጤፍ ጭድና ከእበት የሚሠራ የቤት ውስጥ ማከማቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራውም ሴት ናት። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ በቶሎ ወደ እህሉ እንዳይዘልቅ ያደርጋል፤ የቤቱም ጢስ ተባዩን ያሸሻል። ጎተራው በውጭ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ከፍ ተደርጎ የሚቆም፣ ክዳን ያለው ነው። ሽምብራን ከጤፍ ጋር ደባልቆ የማስቀመጥ ልማድም አለ፤ ደቃቁ ጤፍ በሽምብራው ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መዘዋወሪያ ያጣል። ለምግብ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ይህን ያሰበው ሰው ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ያሰበው ግን የምሕንድስና አሳብ ነው። ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ በሶው፣ ተነጥሮ የሚቀመጠው ቅቤና ተደልዞ የሚደርቀው በርበሬ ሁሉ በአንድ ሕግ የሚሠሩ ናቸው፤ ውሃውን ካስወገድህ ጊዜን ታሸንፋለህ።

ነገር ግን የጥንቱን ዘዴ ማመስገን ድክመቱን መሸፈን ሊሆን አይገባም። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማሽላው፣ በቆሎውና ሽምብራው ግን ይበላሉ። ጎታው ከተሰነጠቀ አይጥ ይገባል፤ እህሉ ሳይደርቅ ከገባ ይሻግታል፤ የሻገተ እህልም ከማነሱ በላይ የሚበላውን ሰው ጤና ይጎዳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ተባይ ሳይቀድመው ለመሸጥ ይቸኩላል። ግብሩና ዕዳው ይጨመርበትና፣ ሁሉም በሚሸጥበት በጥርና በየካቲት በርካሽ ይሸጣል፤ ሁሉም በሚገዛበት በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በዚህ መካከል የሚባክነው የገበሬው ድካም ነው፤ የሚጾመውም የልጁ ሆድ ነው። ይህን ኪሣራ የሰማይ ቁጣ ልንለው አንችልም፤ የማከማቻ ጉድለት ነውና።

አንዳንድ ወዳጆች «ከአካባቢው ብቻ መብላት ከዓለም መለየት አይሆንም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያ፣ የአካባቢ የምንለው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የእኛ አልነበረም። በርበሬውም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም መነሻቸው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ድንችን በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው በትግራይና በስሜን የኖረው ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው። ዛሬ ግን የደባርቅን ድንች እንግዳ የሚለው የለም። ሁለተኛ፣ ዝናብ ሲቀር የራስ ጓሮ አያድንም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ የጃን አሞራን፣ የበየዳንና የጠለምትን ሕዝብ ሲመታ፣ ለዚያ ገበሬ ከአካባቢህ ብላ ማለት ስድብ በሆነ ነበር፤ የሚያስፈልገው ከሌላ ስፍራ የሚደርስለት እህልና እህሉ የሚሄድበት መንገድ ነበር። ሦስተኛ ግን፣ ከሩቅ የሚመጣውም የማይቋረጥ አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የስንዴና የምግብ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ የማናውቀው ባሕር ላይ የተነሣው ነውጥ እስከ ምጣዳችን ደረሰ። በአገራችንም በጦርነትና በግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሰው ሊደርስበት የቻለው በቅርቡ ያለውን ጎተራ ብቻ ነበር። የቅርቡ ለሩቁ፣ የሩቁም ለቅርቡ ዋስ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ስለ ዘይት ካነሣሁ አይቀር አንድ እንቆቅልሽ ላክል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ደጋው ተልባ፣ ወይና ደጋው ኑግ ያበቅላል። እኛ ግን ቅባት ያለውን ፍሬ ወደ ውጭ እየላክን፣ በእስያ የተጨመቀ የፓልም ዘይት በመርከብ አስመጥተን ወጣችንን እንሠራበታለን። በፍሬውና በወጡ መካከል የጎደለው መጭመቂያ፣ ማጣሪያና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሦስቱም የመሐንዲስ ዕቃዎች ናቸው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ሥራዎችን አሳስባለሁ።

አንደኛው ማከማቻ ነው። አየር የማያስገባ ከረጢትና በቆርቆሮ ሠራተኛ እጅ ሊበጅ የሚችል የብረት ጎተራ ነቀዙን ያለ መርዝ ያፍኑታል፤ ነፍሳቱ በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው ራሳቸው ይሞታሉና። ነገር ግን እህሉ እርጥበቱ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ እስኪደርስ ካልደረቀ፣ ያው አየር የማያስገባው ዕቃ የሻጋታ ቤት ይሆናል። ብረቱም ፀሐይ ላይ ቢቆም ቀን ይግላል፤ ሌሊት በውስጡ ወዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ጥላ ያስፈልገዋል። ለነባሩ ጎተራ እግር ደግሞ አይጥ የማያስወጣ የቆርቆሮ ቆብ ማልበስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው በምርቱ አጠገብ የሚሠራ ማድረቂያና መጭመቂያ ነው። የፎገራ ሽንኩርት በመስኖ በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋው ሲወድቅ፣ የበጋው ፀሐይ ያለ ክፍያ ከላይ ይወርዳል። ንጹሕ የፀሐይ ማድረቂያ መሥራት ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ከባድ ፈተና አይደለም። የሚበላ ድንች በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ለዘር የሚሆነው ግን ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን በመደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግም እንዲሁ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ከማሳው እስከ ዋናው ጎዳና ያለው አጭር መንገድ ነው። በካርታችን ላይ የማይታየው ይህ መንገድ በክረምት ጭቃ ሲሆን፣ የደጋው ድንች በአህያ ጀርባ ላይ ተዳምጦ ይደርሳል፤ ወይም ከነጭራሹ አይደርስም። አንዲት ትንሽ የውሃ ማሻገሪያ ቱቦ የአንድን ቀበሌ ገበያ ክረምቱን ሙሉ ልትከፍት ትችላለች።

እነዚህን ሁሉ ከመንደፋችን በፊት ግን ጎታውን የሠራችውን፣ እህሉን የምታበጥረውንና ሐምሌን በስፍር የምታሳልፈውን እናት እንጠይቃት። የትኛው እህል በስንተኛው ወር እንደሚነቅዝ፣ ቀዳዳው በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ክዳኑ ምን ያህል ቢከብድ ብቻዋን እንደማታነሣው የምታውቀው እርስዋ ናት። እርስዋን ሳይጠይቁ የተሠራ ማከማቻ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፣ የአካባቢያችንን ምግብ በየወቅቱ የመብላት ጥበብ በመስከረም እሸት ይታያል፤ የሚፈተነው ግን በሐምሌ ነው። ሙያችንም በዚያው ወር ቢመዘን ፍርዱ የቀና ይመስለኛል።