ተመልካቹ ሲያዜም

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ስለ «ፍሮዝን» ፊልም እናውጋ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ልጆች የፊልሙን ንግሥት ኤልሳን ሆነው ቤቱን በዘፈን ሞሉት። ወላጅ ግን «ኧረ በቃ!» አለ።

እሱ፦ ዲዝኒስ መቼ አረፈና! እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ግጥሙ ስክሪኑ ላይ የሚወጣበት ቅጂ ለሲኒማ ቤቶች አከፋፈለ፤ ተመልካቹ አብሮ እንዲያዜም።

እሷ፦ የሚገርመው፣ ኤልሳ መጀመሪያ የታሰበችው ክፉ ገጸ ባሕርይ ሆና ነበር። «ሌት ኢት ጎ» የተሰኘው ዘፈኗ ሲደረስ ነው ታሪኳ የተቀየረው።

እሱ፦ የፊልሙ መነሻስ የደራሲው አንደርሰን ተረት «የበረዶዋ ንግሥት» አይደል? «ከተረቱ ምኑ ቀረ?» ብለው ቅር ያላቸው ነበሩ።

እሷ፦ ልክ ነህ። ግን የኤልሳን እህት አናን ያዳናት የልዑል መሳም ሳይሆን የእህትማማች ፍቅር መሆኑ የብዙዎችን ልብ ነካ።

እሱ፦ «ሌት ኢት ጎ»ም ኦስካር ወሰደ። እንግዲህ ወላጆች፣ ልጅ ሲደጋግመው አትቆጡ፤ አብራችሁ አዚሙ!