ዩሪያና ውኃ አብረው ይሂዱ
(በጀልዴሳ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለምእመናን የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ጀልዴሳ የቆየች የመንገድ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፈው እዚህ ነበር። ዛሬም በየቤታችን የሚቀቀለው ሩዝና በማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ «የመስኖ ውኃ ካለን ለምን ሩዝ አንዘራም?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

መልሱን ለማግኘት ሩዝ በብዛት የሚመረትበትን የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በዚህ ሜዳ ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ክረምት ውኃ እየተኛበት ለሌላ እህል ያስቸግር የነበረው መሬት ዛሬ ሩዝ ያበቅላል። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባውም ለከብት ይሰጣል። በእኛ ቆላ ግን ውኃው አይተኛም፤ በቦይ፣ በተራ የሚደርስ ነው። አንድ የሩዝ ማሳ የሚጠጣውን ውኃ ማሽላና ሽንኩርት ቢካፈሉት ለብዙ ቤተሰብ ይበቃል።

ሆኖም ከሩዝ ገበሬ የምንማረው አለ፤ ይኸውም ዩሪያን ከውኃ ጋር ማስማማት ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46ቱ ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ 23 ኪሎ ይዟል ማለት ነው። ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ተክሉ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረው ወዴት ይሄዳል? ዩሪያ በገጽ ላይ ተበትኖ ሲቀር፣ በተለይ በሙቀትና ኖራ በበዛበት አፈር፣ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተንናል። በበረት ውስጥ አፍንጫን የሚወጋው ሽታ ይኸው ጋዝ ነው። ማሳው እየደረቀ እንደገና በውኃ ሲሞላ ደግሞ ናይትሮጅኑ በሌላ መልክ ወደ አየር ያመልጣል።

ስለዚህ ብልህ የሩዝ ገበሬ ውኃውን ቀንሶ ዩሪያውን ከጭቃው ጋር ያዋሕዳል፤ ከዚያም ውኃውን መልሶ ያስገባል። ሁሉንም በአንድ ቀን አይጨርስም፤ ከፍሎ፣ ሩዙ ከአንድ ሥር ብዙ ቡቃያ ሲያወጣና ዛላው በአገዳው ውስጥ መፈጠር ሲጀምር ይሰጠዋል። ከልክ በላይ የተሰጠው ሩዝ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ይጋሽባል፤ ለበሽታም ይጋለጣል። እንግዲህ ልምላሜ ሁሉ ፍሬ አይደለም።

በእኛ የማሽላ ማሳም ነገሩ ያው ነው። ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ ከፊሉ አዝመራው ጉልበት ሲደርስ ይሰጥ። ከአገዳው ጥቂት ርቆ በመስመር ይጨመር፤ ወዲያው አፈር ይልበስ፤ ቀጥሎም በመጠኑ ይጠጣ። ውኃው ከበዛ ናይትሮጅኑን ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። የቦዩ ተራ ገና ከሆነም ዩሪያው በጆንያው ይቆይ። የበረት ፍግና ከማሽላው ጋር የሚዘራ አደንጓሬ ደግሞ መሬቱን ይደግፋሉ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ጆንያ አድለን ስንመለስ ሥራው ያለቀ አይምሰለን። አንድ ቤተሰብ ለዩሪያ ፍየል ሸጦ ይሆናል፤ ዕዳም ገብቶ ይሆናል። ማዳበሪያው በፀሐይ ቢተን የጠፋው የልጆቹ ምግብ ነው። ስለዚህ የዕደላው ቀን ከውኃው ተራ ጋር ይስማማ፤ ከገበሬውም ጋር አብረን ማሳ እንውረድ።

እናንተም በየጉባኤው ሆናችሁ የምትረዱን ወገኖች፣ «ስንት ኩንታል ታደለ?» ብላችሁ ስትጠይቁን «ስንቱስ ወደ ሥሩ ደረሰ?» ብላችሁ ጨምሩልን። ይህ ጥያቄ የሰጣችሁትን ገንዘብ ይጠብቃል፤ እኛንም ከሥራችን አያዘናጋንም።