በመከራ ዘመን ስንቅ ያቀበሉ ሰዎች



በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ መንግሥት የኤስ.አይ.ኤም. (ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን) ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ በአካባቢው የነበሩት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። በእጃቸው የቀረው በወላይትኛ የተተረጎመው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ትናንሽ ጽሑፎች ናቸው። ጥቂት ዓመታት አለፉ፤ ወራሪው ተባረረ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የተቀበሏቸው 10 ሺህ ያህል ምእመናን ነበሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል፤ ለሚያምን ሰው ተአምር መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ተአምሩ በምን መንገድ እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ከመሪዎቹ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በሕዝብ ፊት ተገርፈዋል፤ ታስረዋልም። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ዘመድ ካቀበለው ብቻ ነበር። የወላይታ ምእመናን ለታሰሩት ወገኖቻቸው ስንቅ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር። ምግቡ ለራሳቸው ሰዎች ተርፎ ጠያቂ ለሌላቸው ሌሎች እስረኞችም ደረሰ። ያንን ያየ ሰው የዚህን ፍቅር ምንጭ መጠየቅ ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በዚያ ጥያቄ አደገች።

የዛሬው ዲስኩር የሚያስረዳው አሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ክርስቲያን በክፉ ቀን የሚጸናው በራሱ ብርታት ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው ስንቁን ስለሚያቀብለውም ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም የጸኑትን ሰዎች ብቻቸውን አያሳየንም። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንዲተኛ ተወው፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ጥያቄ የጠየቀው በልቶ ካረፈ በኋላ ነው። የኢዮብ ወዳጆች መልካም ሥራ የሠሩት አፋቸውን ሳይከፍቱ አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ነው፤ ጥፋታቸው የጀመረው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ትቶት የመጣውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት፣ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስለት ለምኗል። የእምነት አርበኛ የሚባለው ሰው ልብስና ወዳጅ እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም።

ከወላይታው ታሪክ 45 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ፈተና በደርግ ዘመን ተደገመ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወረሱ፤ ስድስት መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ታሰሩ። የምእመናኗ ቁጥር 5 ሺህ ገደማ ነበር።

ሰንበት ሲደርስ የሚሄዱበት ደጅ ያጡት ሰዎች በየቤቱ መገናኘት ጀመሩ። የጎረቤት ዓይን እንዳይስቡ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰባሉ፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መዝሙሩ ድምፅ ሳይወጣበት ይዘመራል። ቀድሞ ከመድረክ የሚሰማው ምእመን አሁን ራሱ ማንበብ፣ ራሱ መጸለይ፣ ራሱ ማስተማር ግድ ሆነበት። በትልቅ ጉባኤ መካከል ተሰውሮ የሚያዝን ሰው፣ አምስት ስድስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ኀዘኑን ሊሰውር አይችልም። የቀረ ይታወቃል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተራበ ይደረስለታል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሮቿ ሲከፈቱ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ34 ሺህ በላይ አባላት ነበሯት።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን መከራ መልካም ነገር ነው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከአገር ወጥተው ሕይወታቸውን እንዲያተርፉ ተጠይቀው ነበር፤ መንጋቸውን ጥለው መሄድን አልመረጡም። ቤተሰባቸው ሞታቸውን ያረጋገጠው አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ሲገኝ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ክፉኛ ተገርፈው አሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰሩ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እጅ ተገድለዋል፤ ዐፅማቸው የተገኘው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሞት ግፍ ነው። ፍሬ አፈራ ተብሎ ግፍነቱ አይቀልም።

ደግሞም ሁሉም አልጸናም። በፍርሃት የራቀ፣ በድካም የዛለ፣ በሐዘን ዝም ያለ ብዙ ነበር። በእነርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ስንቱ ስንቅ የሚያቀብለው አጥቶ እንደወደቀ ማን ያውቃል? ጴጥሮስም ክዷል፤ ጌታ ግን በባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

ዛሬ የብዙ ክርስቲያን ፈተና ወኅኒ ቤት አይደለም። በሆስፒታል አልጋ ዳር የሚያድሩ ወላጆች አሉ፤ ሥራ አጥተው ከጉባኤ የቀሩ ወጣቶች አሉ፤ ልጃቸውን ቀብረው መዝሙር የጠፋባቸው እናቶች አሉ፤ በስደት ሰንበትን ለብቻቸው የሚያሳልፉ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች «በርቱ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሕዝባችን ማኅበር፣ ሰንበቴና እድር ያለው ነው፤ ለቅሶ መድረስን ያውቅበታል። የሚጎድለው ከሠልስት በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ ሰውም አብሮ ይነሣል፤ እምነት የሚፈተነው ግን በስድስተኛው ወርና በሁለተኛው ዓመት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሁለት አደራ ይቀርባል። የመጀመሪያው፣ በእነዚያ ዓመታት ቤታቸውን የከፈቱና ስንቅ ያቀበሉ አዛውንቶች ዛሬም ከመካከላችን አሉ፤ ሳያልፉ ታሪካቸው ይጻፍ፣ ድምፃቸው ይቀረጽ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ታዳሚ በዚህ ሳምንት ከጉባኤ የቀረ አንድ ሰው ያስብ፤ ምክር ሳይሆን ምግብ ይዞ ቤቱ ይሂድ፤ በሚቀጥለው ወርም ተመልሶ ይጠይቀው።