ብድርና ወረቀት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ነጋዴዎች ከዱቤ መዝገብ ጋር የኖርን ነንና ስለ ብድር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። የምንናገረው ግን ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ አገር በግሪክኛ ስለተጻፉ የብድር ውሎች ነው።

ውሎቹ የተጻፉት ፓፒረስ ላይ ነው፤ ይኸውም በጣና ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገል የሚዘጋጅ ወረቀት ነው። ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦክሲሪንከስ በተባለች ጥንታዊት ከተማ የቆሻሻ ክምር ቆፍረው ብዙ ሺህ ቁርጥራጭ አውጥተዋል። ከነዚህም መካከል ተራ ሰዎች እርስ በርስ የተበዳደሩባቸው ውሎች ይገኛሉ።

በብዙዎቹ ውሎች የሰዎቹ ስም፣ ዕድሜ፣ በአካላቸው ያለ ጠባሳ ሳይቀር ተጽፏል፤ መታወቂያ አልነበረምና። መጻፍ ለማይችል ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ወለዱም በሕግ ልክ ነበረው። በጥሊሞስ በተባሉት ነገሥታት ዘመን በወር ከመቶ 2፣ ማለትም በዓመት 24 ከመቶ ነበር። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት አገሩን ከያዙ በኋላ 12 ከመቶ ሆነ። እህል የተበደረ ግን ብዙ ጊዜ እኩሌታውን ጨምሮ ይመልስ ነበር። አንዳንዱም በወለዱ ፈንታ አበዳሪውን በቤቱ ያስቀምጥ ወይም በጉልበቱ ያገለግለው ነበር። ስለዚህ ያ ዘመን ለድሃ ይመች ነበር አንልም።

እኛን የነካን ፍጻሜው ነው። ዕዳው ሲከፈል ውሉ በተጠላለፉ መስመሮች ይሰረዛል፤ እንዲህ የተሰረዙ ወረቀቶች ዛሬም ይታያሉ። ያን ወረቀት የያዘ ተበዳሪ ማንም ደግሞ አይጠይቀውም።

እኛ በሰው አገር ስንበዳደር በወንድማማች መካከል ወረቀት ነውር ይመስለናል። ኋላ አንዱ አልተከፈለኝም፣ ሌላው ከፍያለሁ ሲል ምስክር ይጠፋል፤ ሁለት ቤተሰብ በለቅሶና በሠርግ መገናኘቱን ይተዋል። አበዳሪው ቢሞትስ ልጆቹ ምን ያውቃሉ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ስንበዳደር ገንዘቡን፣ ቀኑንና ሁለት ምስክር እንጻፍ። ሲከፈልም ወረቀቱን ሰርዘን ለባለዕዳው በእጁ እንስጠው። ወረቀቱ አበዳሪውን ከመካድ፣ ተበዳሪውን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይጠብቃል፤ ልጆቻችንንም ከማያውቁት ጠብ ያድናቸዋል።

መልካም በዓል ያድርግልን።