ሞተሩ እየዞረ መኪናው አልነሣ ሲል



የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ነው። «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ከጊቫት ኦልጋ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ አባወራ፣ መኪናው አልነሣ ካለው የዕለት ደመወዙ ይቀርበታል። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

አንድ አባት ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ ታሪካቸውን ልንገራችሁ። ያገለገለ መኪና ገዙ። አንድ የክረምት ማለዳ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሣም። «ባትሪ ነው» ተባሉና ለአስቤዛ ባስቀመጡት ገንዘብ ባትሪ ገዙ። መኪናው ግን ያው ነው። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ መቃጠል ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ አዳምጡ። ቁልፉን ስታዞሩ ጸጥ ካለ፣ «ጠቅ» ብቻ ካለ ወይም ሞተሩ እየደከመ ከዞረ፣ ባትሪውን ወይም ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። እንደ ወትሮው በኃይል ከዞረ ግን ሁለቱም እየሠሩ ናቸው፤ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ።

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ፣ አየርና የካንዴላ እሳት ይፈልጋል። እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም። እንግዲህ እነዚህን ተመልከቱ፦

አንደኛ፣ ነዳጅ አለ ወይ? መለኪያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል።

ሁለተኛ፣ መኪናው ኮዳኒት ካለው ቁጥሩን በትክክል አስገብታችኋል? ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ በሁለተኛው ቁልፍ ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን መብራቶቹ እስኪበሩ ብቻ አዙሩ። በብዙ መኪኖች ከኋላ ወንበር በኩል የነዳጅ ፓምፑ ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙን አስመርምሩ።

አራተኛ፣ ቤንዚን በኃይል ከሸተተ ሲጋራ አታቀጣጥሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሽታው ካልጠፋ ቤንዚን እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል አታስነሡት።

አምስተኛ፣ ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ የውስጡ ቺንጊያ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁሙ፤ ደጋግሞ መሞከር ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል።

በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታስነሡ። ሞተሪኖው ይግላል፣ ደኅናው ባትሪም ያልቃል፤ አንድ የነበረው ጥፋት ሁለት ይሆናል። የካንዴላ ሽቦም ነቅላችሁ በእጃችሁ አትያዙ፤ ኤሌክትሪኩ አደገኛ ነው።

ወደ ሙሳክ ስትሄዱ ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አጥኑ፦ «ሀስታርተር ኦቬድ፣ አቫል ሀኦቶ ሎ መኒያ።» ሞተሪኖው ይሠራል፣ መኪናው ግን አይነሣም ማለት ነው። ያያችሁትንና የሰማችሁትንም ጨምራችሁ ንገሩ። ከጥገናው በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ሀጻዓት መኺር ቢኽታቭ» በሉ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ማለትም ነውር የለውም።

ጠይቆ የሚከፍል ሰው አይታለልም። በሰላም ያገናኘን።