ቀለም ወይስ ስቲከር? ከውድድር መኪና የተማርኩት ሂሳብ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሥራሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ስትለኝ መጀመሪያ አመነታሁ። የምሠራበት ቦታ በእኛ ስብሰባ ላይ የሚወራ አልመሰለኝም ነበር። እንደምታውቁት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የመኪና ላሜራና ቀለም ጋራዥ ሰባት ዓመት ሂሳብ ይዣለሁ። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ እንደ እኛው ተራ ሰዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ቅዳሜና እሁድ መኪና የሚወዳደሩ ናቸው። ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል የውድድር ሜዳ አለ፤ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲገባ ቢሮዬ መጥተው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መኪናዬን ቀለም ላስቀባ ወይስ ስቲከር ላስለብስ?»

ይህን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት እህቶቻችን የስቲከር ሥራ ለመጀመር ከማኅበራችን ብድር ጠይቀዋል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነና ገንዘቡ የት ላይ እንደሚገኝ፣ የት ላይ ደግሞ እንደሚፈስ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቀለም የምታውቁት ነው። አሮጌው ይፈተጋል፣ የተጎዳው በስቱኮ ይሞላል፣ የመሠረት ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም የሚያብለጨልጨው ይረጫል። ከአቧራ የተጠበቀ ክፍል ይፈልጋል። የመጨረሻው ቅብ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ኬሚካል አስም ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሚረጨው ሰው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ጭንብል ማድረግ አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው።

ስቲከር የምንለው ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው ቀጭን የቪኒል ፕላስቲክ ነው። የተለመደው ጥቅል ስፋቱ 1.52 ሜትር ሲሆን፣ መካከለኛ መኪና ለመሸፈን 20 ሜትር ገደማ ይፈጃል። ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ወደ ማድ ቤት ልውሰዳችሁ። አንዱ፣ ካስት የሚባለው፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ፈሳሽ ሆኖ ይፈስና ይበስላል። ማንም ስላልወጠረው ባለበት ይቀመጣል፤ ቀጭን ስለሆነም የመኪናውን ጠመዝማዛ ቦታ ሁሉ ይከተላል። ሌላው፣ ካሌንደርድ የሚባለው፣ እንደ ፓስታ ሊጥ በጋለ መዳመጫ መካከል ተዳምጦ የሚወጣ ነው። የተዳመጠ ሊጥ ተመልሶ ሲሰበሰብ አይታችኋል አይደል? ይህም ፀሐይ ሲያገኘው እንደዚያው ይሰበሰባል፤ ጠርዙም ይላቀቃል። ዋጋው ግን ርካሽ ነው። ለጠፍጣፋ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ለውድድር መኪና ገላ አይሆንም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሁለቱም ትልልቅ ውድድር ላይ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል አንድ ቢኤምደብልዩ መኪና ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በገዛ እጁ ቀባ፤ 6 ኪሎ ቀለም ፈጀ። መኪናውም በፈረንሳይ በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር 6ኛ ወጣ። በ2010 ደግሞ ጄፍ ኩንስ ለዚያው ውድድር ሌላ ቢኤምደብልዩ ሲያስጌጥ፣ ሥዕሉ በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ፣ ቪኒል ላይ ታትሞ ተለጠፈ። ክብደት የሚያስጨንቃቸውም አሉ። በ2022 የፎርሙላ ዋን መኪና ዝቅተኛው ክብደት 798 ኪሎ ነበር፤ አንዳንድ ቡድኖች ከዚያ በላይ ላለመክበድ ከገላው ከፊሉን ሳይቀቡ ጥቁሩን ካርቦን እንዳለ ተዉት። የእኛ ደንበኞች ግን ከኪሎው ይልቅ የሚያሳስባቸው ኪሳቸው ነው።

ስለዚህ ደንበኛውን መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ዓመት እንዲቆይ ትፈልጋለህ? ስንት ጊዜስ ይቀየራል?» ብዬ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር ልስጣችሁ። ቀለሙ 6,000 ዶላር፣ ስቲከሩ 3,500፣ ማንሻው 700 ይሁን። መልኩን ስድስት ዓመት ለማይቀይር ሰው ቀለሙ በዓመት 1,000 ዶላር ይደርስበታል። ስቲከሩ ሦስት ዓመት ቢቆይና ቢነሣ 4,200 ለሦስት ሲካፈል በዓመት 1,400 ነው። ቀለም አሸነፈ ማለት ነው። ስፖንሰሩ በየዓመቱ ለሚቀየርበት ሰው ግን ቀለም በየዓመቱ 6,000 ነው፤ ስቲከር 4,200። አሁን ደግሞ ስቲከር አሸነፈ። ሦስተኛም መንገድ አለ፦ መኪናውን በአንድ ቀለም አስቀብቶ፣ የስፖንሰሩን ስምና ቁጥሩን ብቻ በስቲከር ማድረግ። ለፊደሉ በዓመት 500 ቢወጣ፣ ከቀለሙ ጋር 1,500 ነው። አቅሙ መካከለኛ ለሆነ ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህንን ነው።

ግጭትም አለ። በውድድር በር ከበር መላተም የተለመደ ነው። ስቲከር ከሆነ ሥዕሉ ኮምፒውተር ላይ ስላለ፣ በሩ ከተቃና ወይም ከተቀየረ በኋላ የዚያን በር ብቻ አትሞ መለጠፍ ይቻላል። ቀለም ከሆነ መፈተግ፣ መሙላት፣ ከድሮው ጋር ማመሳሰል፣ ማድረቅ አለ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አለቃዬ በሌሉበት ቀን አንድ ደንበኛ ደውሎ ዋጋ ጠየቀኝ። መኪናው አሮጌ ነው፣ ሌላ ቦታም ቀደም ብሎ ተቀብቷል። እኔ ሳላየው ከዋጋ ሠንጠረዡ ላይ አንብቤ ነገርኩት፤ «ሲነሣም ንጹሕ ሆኖ ነው የሚነሣው» ብዬም ጨመርኩበት። ከአንድ ዓመት በኋላ ስቲከሩ ሲነሣ የኮፈኖውና የሁለቱ በሮች ቀለም አብሮ ተላጠ። ስሩ ያለው ቀለም ቀድሞውንም አልያዘም ነበር። ደንበኛው «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አለ፤ እውነቱን ነው። ጋራዡ በራሱ ወጪ ቀባለት፤ ያ ወር ከሰርን።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። «ከእንግዲህ ምን እናድርግ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናውን ሳናይ ዋጋ አንሰጥም። ጠንካራ ፕላስተር ቀለሙ ላይ ለጥፈን በኃይል እንነቅለዋለን፤ ቀለም ይዞ ከመጣ ስቲከር አንለጥፍም። ማንሻውም ዋጋው ውስጥ ለብቻው ይጻፋል፤ የቀለሙ ሁኔታም በፎቶ ተይዞ ደንበኛው ይፈርምበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነበር። ስቲከር የስሩን ጉዳት አይፈውስም፤ እንዲያውም ጉድጓዱንም ዝገቱንም አጉልቶ ያሳያል።

እህቶቼ፣ ስለ ብድሩ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ የመርጫ ክፍል አይፈልግም፤ የሚጠይቀው ንጹሕ ቤት፣ የሙቀት ማሽንና የሠለጠነ እጅ ነው። ነገር ግን ብድሩ ለዕቃ መግዣ ብቻ መሆን የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች በልምምድ ስለሚበላሹ፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ይመደብ። ርካሹን ቪኒል ገዝተው ለመኪና ገላ እንዳይጠቀሙ፤ ያተረፉት መስሏቸው ደንበኛ ያጣሉ። ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ እየቀነሱ ለማንሻና ለጥገና በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡ። ሂሳቡን የመጀመሪያውን ዓመት እኔ ያለ ክፍያ እይዝላቸዋለሁ።

ለምትረዱን ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። ገንዘባችሁ የሚገባው በሁለት ሴቶች እጅ ሙያ ላይ ነው። ሲሳካ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽም የሆነውን በቁጥር እናሳውቃችኋለን።

ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።