የሞተሩ መፍላትና የሾፌሩ ደብተር

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ስማችሁን ለመጻፍ በቅታችሁ፣ «እንግዲህ ምን ልጻፍበት?» የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ መልሱን ከመኪና ሞተር ላይ አመጣዋለሁ።

በማታ ክፍሌ ከሚማሩት አንዱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ለቀልድ «የኔታ» ይሉኛል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል፣ የዓባይን በረሃ እያቋረጡ እህል ያመላልሳሉ። አንድ ማታ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሞተሩ ዳገት ላይ ፈላ፤ ረዳታቸው ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፤ ውሃው ገንፍሎ ክንዱንና አንገቱን አቃጠለው። ልጁ ሐኪም ቤት ተኝቷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጋለ ራዲያተር በምንም ምክንያት አይከፈትም። ውሃው ታምቆ ስለሚቆይ፣ ክዳኑ ሲነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሞተሩን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ አሁንም ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጨምራችሁ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጋሼ ለዚያ ሞተር ያላወጡት ገንዘብ የለም። አንዱ ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበ፤ ሌላው የውሃ ፖምፓውን ለወጠ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጣለው። መቼም ይህን አባባል በየጋራዡ ትሰሙታላችሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 82 ወይም 88 ዲግሪ ግድም፣ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፍ በር ነው። ተዘግቶ ከቀረ ይለወጣል እንጂ አይጣልም፤ ያለ እሱ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል። ለማንኛውም ሁሉም ፈቱ፣ ገጠሙ፤ «መቼ ነው የሚፈላው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ መካኒክ ነውና ከእሱ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከተማ ውስጥ ቆሞ ወይም እያዘገመ የሚፈላ፣ ሲሮጥ ግን የሚበርድ ሞተር፣ መጀመሪያ የሚታየው ማራገቢያውና ቺንጋው ነው፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። ሲሮጥና ጭነት ሲከብደው የሚፈላ፣ ራዲያተሩ በዝቃጭ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከፈላና የታችኛው የጎማ ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። ውሃው መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ የሚጠፋ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ የሚወጣ፣ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏልና አትንዱት።

«ጋሼ፣ ደብተርዎን መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። በፈላ ቁጥር ቦታውን፣ ሰዓቱንና የጨመሩትን ውሃ ይጻፉ» አልኳቸው።

«የኔታ፣ ሞተሩ ደብተር ያነባል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ለወንድሜ አሳየነው። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ቁጥሮቹ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። ወንድሜ አንብቦ ዝም አለ፤ ከዚያ ድጋሚ አነበበ። ሙቀቱ ሰው በሚያስጨንቅበት ድልድዩ አጠገብ አንድም ቀን አልፈላም። ቆሞም፣ ሜዳ ላይም አልፈላም። የሚፈላው ሁልጊዜ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ባለበት፣ ወይ ጎሐ ጽዮን ወይ ደጀን ሊደርሱ ሲሉ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን አየሩ ስለሚሳሳ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ዳገት የወጣ ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በሞላው (በስፕሪንጉ) ተጭኖ ውሃውን ስለሚያምቀው፣ ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የጋሼ ክዳን ላስቲኩ ደርቋል፤ ሞላው ላልቷል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን አወለቅነው፤ ወንድሜ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ያለ ድካም ገባ። ከተለወጡት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ፣ ማንም ያላየው፣ እሱ ነበር።

አዲስ ክዳን ተገዛ፤ ቴርሞስታቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ረዳቱ ከሐኪም ቤት ወጥቷል፤ ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ፤ አሁን እሱም ማታ ማታ ከፊት ወንበር ይቀመጣል።

ባለፈው ሳምንት የጋሼን ደብተር ሳርም፣ በመጨረሻው ገጽ ቀኑን ጽፈው ከሥሩ «ከዳን ተለወጠ» ብለዋል። «ክዳን» ማለታቸው ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።